ከኪርያላይሶን በኋላ ያለው ባዶ ቦታ

ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ባለሽበት ሁሉ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽኝ ወዲህ ገብሱ አንድ ጊዜ ታጭዶ ጎተራ ገባ። ሁለተኛው አሁን እሸት ላይ ነው፤ ውርጭ ካልቀደመን።

ትልቁን ወሬ አስቀድሜ ልንገርሽ። ባልሽ ደምሴ የግሪክ ቋንቋ አዋቂ ሆኗል። ያውም የዛሬውን እንዳይመስልሽ፤ የጥንቱን፣ ወንጌል የተጻፈበትን፣ ካህናቱ ጽርዕ የሚሉትን። ከዘመሮ ተነስተሽ ሞላሌ ድረስ ብትሄጂ እንደኔ ያለ ገበሬ አታገኚም። እሺ፣ አትገላምጪኝ። የማውቀው ሁለት ቃል ነው። ከሁለቱ አንዱን ደግሞ ካንቺ ነው የተማርኩት፣ እሱንም አሳስተሽ ነው ያስተማርሽኝ።

ይህን ማን ጻፈልህ ትይ ይሆናል። ራሴ ነኝ። ቀበሌ ሄጄ ባስፈረሙኝ ቁጥር የአውራ ጣቴን ቀለም በቀሚስሽ ጫፍ ስትጠርጊልኝ ኖርሽ፤ ይኸው የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ። ከእኩዮቼ አንደኛ ነኝ። እኩያዬ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የጋራ ሣር መሬታችን ጓሳው ለአጨዳ ሲፈቀድ ሣር አምጥቼ ክዳኑን አደስኩት፤ ያ የሚያፈሰው ጥግ ከእንግዲህ አያፈስም። ግንባረ ነጯ በግሽ መንታ ወልዳ አንዱ ሞተባት። ፈትለሽ የተውሽውን ሱፍ ሸማኔው ለብርድ የሚደረብ ባና አድርጎታል። የማይታደሰው ጸጥታው ነው። ስቀልድ የሚሰማኝ የለም። ትዝ ይልሻል፣ ሰው ፊት በጎቼ ሃምሳ ገደማ ናቸው ስል፣ ከጓዳ ብቅ ብለሽ "ገደማ የምትላት በግ የትኛዋ ናት? እኔ አይቻት አላውቅም" ትይና ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትከሻሽ እስኪንቀጠቀጥ ትስቂ ነበር። ድምፅ የለውም ሳቅሽ፣ ትከሻ ብቻ። እኔም በዚያ ትከሻ ነው ጉረኛ ሆኜ የቀረሁት።

አሁን ስለ ልጃችን ልጻፍልሽ። የትናየት አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብታ የጥንት ግሪክ ልማር ስትል እኔ ነርስነት ይሻላል ብዬ ነበር። አንቺ ነሽ እሺ ያልሻት። ገበያ ላይ ያ ጨው ነጋዴ "ግሪክ ተምራ ለማን ልትሸጠው ነው?" ብሎ ሲያሾፍብሽ፣ "አንተ ጨው የምትሸጠው ባሕሩን አይተህ ነው?" አልሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላንቺ መርቆ ነበር የሚሰፍረው።

ስልክ በደወለች ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን የምንሰማው የአስተማሪዋን የፕሮፌሰሩን ነገር ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ይቆልፋሉ። የተማሪውን ስልክ ሁሉ አስጠፍተው በካርቶን ይሰበስቡና ጠረጴዛቸው ሥር ይከቱታል። ተማሪው አንድ በአንድ እየቆመ ግስ ያረባል፤ አንዱ ከተሳሳተ ክፍሉ በሙሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ በግ አረባለሁ፣ ልጄ ግስ ታረባለች፤ የሷ መንጋ ሳይበልጥ አይቀርም ብዬሽ ነበር። አንዱ ልጅ የአንድ ቃል ትርጉም ተጠይቆ "መልቀቅ ገደማ ነው" ቢላቸው፣ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው "እዚህ ክፍል ውስጥ ገደማ የለም" አሉት አሉ። አንቺ ይህን ስትሰሚ ወደኔ ዞረሽ፣ "ያንተን በጎች እሳቸው ይቁጠሯቸው" አልሽኝ።

መጀመሪያ ያስተማሯቸው ግስ ሉኦ የሚባል ነው። ይሄ አንዱ ቃሌ ነው። ጀማሪ ሁሉ በሱ ነው የሚጀምረው። እፈታለሁ፣ ትፈታለህ፣ ይፈታል። እኔ ደግሞ "ምን ዓይነት ሕዝብ ነው፣ ትምህርቱን ሚስት በመፍታት የሚጀምር?" ስል እንዝርትሽ ከእጅሽ ወደቀ። ትከሻሽ ያን ቀን አላረፈም።

ሁለተኛው ቃል ኪርያላይሶን ነው። በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ እድሜያችንን ሙሉ ያልነው። ፕሮፌሰሩ በግሪክ ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያነቡት ክፍሉ ደነገጠ አሉ፤ ለካ ሁሉም ሳያውቀው ግሪክ ሲናገር ነው ያደገው። ከዚያ የትናየትን አስነስተው ቃሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቋት። ልጅት ደግሞ ሳታመነታ "ስም ነው፤ የስግደት ስም" አለቻቸው። እኛ ቤት ምን እያልን እንዳሳደግናት ታውቂያለሽ። "ስንት ኪርያላይሶን ቀረን? ሁለት ኪርያላይሶን ስገጂና ጥቂት አረፍ በይ" አይደል የምትያት? እሷም ቃሉ መጎንበስ ማለት መስሏት ኖሯል። "ማን አስተማረሽ?" አሏት። "እናቴ።" "እናትሽ ስግደቱን በደንብ አስተምራሻለች። ሰዋስው ግን አላስተማረችሽም። እንደቆምሽ ቆዪ።" ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆመች።

ያን ስትነግርሽ ፊትሽ ሲቀላ አየሁ። "ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ ልጄ" አልሻት። እሷ ግን እየሳቀች አስረዳችሽ። ቃሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። መጀመሪያው "ጌታ ሆይ" ነው፣ ሁለተኛው "ማር" ነው፤ የንቡን ሳይሆን ምሕረቱን። "ግን እማዬ፣ እኛ 'ማረን' እያልን እንተረጉመዋለን እንጂ ግሪኩ 'ማረን' አይልም። 'ማር' ብሎ ይቆማል። ማንን እንደሆነ አልተጻፈም።" አንቺ እንዝርትሽን አስቀምጠሽ፣ "እንግዲህ ቦታውን ለኛ ትተውልናል ማለት ነው" አልሽ። የትናየት ይህን ለፕሮፌሰሩ ብትነግራቸው ሰሌዳው ላይ ከቃሉ በኋላ ትንሽ ሰረዝ ጎተቱና ወደሚቀጥለው ግስ አለፉ።

ያ የመጨረሻ ሳቃችን መሆኑን ማን አወቀ።

የደረትሽ ነገር በጠናብሽ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያ አድርሰንሽ፣ ጎረቤቶች የልጅቷን ስልክ ደጋግመው ሞከሩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ሊያገኙ አይችሉም ይላል። ስልኳ ካርቶን ውስጥ ነበር። ከክፍል ወጥታ ስልኳን ስትከፍተው አንቺ የለሽም። በማግስቱ ስትደርስ ካህናቱ ፍትሐት ጀምረዋል። አስከሬንሽ አጠገብ ቆማ አላለቀሰችም፤ ካህናቱን አፍ አፋቸውን ታያለች። በኋላ ነው የነገረችኝ። "አባባ፣ በዚያች ሰዓት እኔ ቆሜ እፈታለሁ፣ ትፈታለህ እያልኩ ነበር። ፍትሐት ማለት እኮ መፍታት ነው። እማዬ ስትፈታ እኔ ግስ ሳረባ ነበር።"

አርባሽን አወጣን። የትናየት ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ልብሷን ከሻንጣ አውጥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ቀን ቀን ሥራ ትሠራለች፣ ሲመሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የክፍሏ ልጅ ደወለችላት። ፕሮፌሰሩ ስም ሲጠሩ የሷ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ከዚያ "ቀሪ" ብለው ይቀጥላሉ፤ ስሟን ግን አልሰረዙትም፤ ከፋሲካ በኋላ ካልመጣች ግን ዓመቱ ይቃጠልባታል አለቻት። የትናየት "ይቃጠል" ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔም አስካለዬ፣ ሁለት ሰው የቀበርኩ መሰለኝ። አንቺ ያንን ጨው ነጋዴ ያፋጠጥሽላት ነገር አብሮሽ መሬት ገባ አልኩ።

የማታ ትምህርት የገባሁትም ለፊደል ጓጉቼ አይደለም። ያንን ፊቷን ያዞረችበትን ግድግዳ መሸሼ ነው። ትምህርት ቤቱ ብርድ ነው፤ ግን የሰው ድምፅ አለበት።

የመጀመሪያ ጊዜ ስምሽን ጽፌ ይዤ ቤት ስገባ፣ አኩርቶኝ፣ አፍንጫዋ ሥር ዘረጋሁላት። "አስካላ" ብዬ ነው የጻፍኩት። አየችውና "ይሄ እማዬ አይደለችም" አለች። "ያው ነው፤ አስካለ ገደማ ነው" አልኳት። ቀና አለች። ካንቺ ሞት በኋላ ዓይኔን ያየችው ያን ጊዜ ነው። "ገደማ የለም አባባ። እንደገና ይጻፉት፤ ከ'አ' ይጀምሩ።"

የማን ድምፅ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። ሽማግሌው ሰውዬ ከአዲስ አበባ ተነስተው እኔ ቤት የገቡ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ እየተሳሳትኩ እገባለሁ፣ እሷ ደግሞ እያስቆመች ታርመኛለች። በእንግዳ ፊት ሳይቀር ቆሜ ሀሁ አልኩ። አውቄ ነው የምሳሳተው ብዬ ለጎረቤት አውርቻለሁ። ግማሹን እንኳ አውቄ ነው። እሷ ግን በኔ ስህተት እየተናደደች፣ እየተናደደች፣ ከግድግዳው ዞረች። አንድ ምሽት ፊደሌን ስታርም የራሷን የግሪክ ፊደል በጠርዙ ላይ ጫር ጫር አድርጋ ወዲያው በመዳፏ ሸፈነችው። አላየሁም አልኩ።

ሰሙነ ሕማማት መጣ። ዓርብ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ እሷ በሴቶቹ በር በኩል፣ እኔ እዚያው ወሰኑ ላይ፣ ባንቺ ቦታ አጠገብ። ካህኑ ኪርያላይሶን ይላሉ፣ ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሳል። ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደሷ ዘንበል ብዬ፣ "ልጄ፣ ያ ማንን ማር እንደሚል ያልተጻፈው ቦታ ላይ፣ እኔ ጉልበቴን አስገብቻለሁ። ጌታ ሆይ፣ የደምሴን ጉልበት ማር" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

በዓሉ ባለፈ በሰኞው ልብሷን ከግድግዳው አወረደች። ያንቺን ሱፍ ባና አጥፌ ሻንጣዋ ላይ አሰርኩላት። መኪናው ሲነሳ እጄን አነሳሁ።

በማግስቱ ማታ ደወለች። ፕሮፌሰሩ ስሟን ጠርተው "አቤት" ስትላቸው፣ "ዘግይተሻል" አሏት። "እናቴ ሞታ ነው" አለቻቸው። "አውቃለሁ። ቁሚና ግሱን ካቆምሽበት ቀጥዪ።" ሉኦን ከዚያች ሰዓት፣ አንቺ ከተለየሽበት ሰዓት፣ እስከ መጨረሻው አረባችው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ደህና አልነበረም። ስልክ መሰብሰቡንም አልተዉም። አሁን ግን ሳያስጠፉ ነው የሚሰበስቡት፤ ካርቶኑም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ በዚያ ሰዓት አልደውልም። ከእንግዲህ በዚያ ሰዓት የሚያስደውል ምን ቀረኝ።

ቤቱ እንደገና ጭር ብሏል አስካለ። ግድግዳው ላይ የልብሷ ችንካሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ማታ ፊደሌን የሚያርምልኝ የለም፤ ይህ ደብዳቤ ስህተት ካለው እንዳለ ተቀበይው። ስምሽን ግን አልሳሳትም።

ቃል ልግባልሽ። ጉልበቴ እስካለ ድረስ በየዓመቱ በዚያች ዓርብ እቆማለሁ። ከኪርያላይሶን በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ለገብሱም ለበጎቹም ለጉልበቴም አልሰጥም። የጌታን ስም እጠራለሁ፣ ማር እላለሁ፣ ቀጥዬም አስካለ እላለሁ፤ በ"ለ" የሚያልቀውን።

አንድ ነገር ብቻ ላርም፤ ገደማ የለምና። ዓርብ ዕለት የትናየት ሳቀች ብዬ ጽፌልሻለሁ። አልሳቀችም። ቀልዴን ጨርሼ ትከሻዋን ትከሻዋን ሳይ፣ ወደኔ ዞረች። "አባባ፣ እኔ ቦታው ላይ እማዬን ነው ያስገባሁት" አለችኝና ተመልሳ ለስግደት ወደቀች። የጻፍኩት ሳቅ ያንቺ ነው።