የአባባ ግራ እጅና የጋሽ ዱዌይን ቀለሆች

ለውድ ወንድሜ ለራስል፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ከማዕድኑ አቧራ የመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳሃል? ጆዲስ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ዘንድ በረዶው የአጥሩን ወገብ ሲይዝ እናንተ አውስትራሊያ ላይ በሙቀት እንደምትነዱ አስባለሁና ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አይለያችሁ። እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። የአባባን ነገር ግን በስልክ ልነግርህ እየጀመርኩ እንባ ስለሚቀድመኝ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ግንቦት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው እንደዛለ መቅረቱን ታውቃለህ። የባሰው ግን የቃላቱ ነገር ነው። ሊሉ የፈለጉትን እሳቸው ጥርት አድርገው ያውቁታል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ጨው ሲፈልጉ "ድልድይ" ይላሉ። እኛ ግራ ስንጋባ ይናደዳሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። በጋውን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከረሙ። ጋራዡን ዞር ብለው አላዩትም። የሸለቆው አዳኝ ሁሉ የተኮሰውን ቀለህ በከረጢት አንጠልጥሎ የሚመጣበት፣ እሳቸው አጥበውና አስተካክለው እንደገና ለመሞላት የሚያበቁበት ጋራዥ ሸረሪት አደራበት።

ከመታመማቸው በፊት ትከሻቸው አልታዘዝ ስላላቸው አዲስ የቀለህ መጫኛ ማሽን አዘው ነበር። ሳጥኑ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። በመስከረም መጨረሻ እማማ "ወይ ክፈችው ወይ ሽጪው፤ በመጣሁ ቁጥር እግሬን የሚመታኝ እሱ ነው!" ስትለኝ ከፈትኩት። አሮጌው መጫኛ አንዷን ቀለህ ደጋግሞ ማንሳትና ማስቀመጥ እንደነበረበት አትረሳውም። ይኼኛው ክብ ሳህን አለው። እጀታውን አንዴ ጎትተህ ስትመልሰው አንዷ ቀለህ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ያገለገለ መለኮሻዋ ከቂጧ ወልቆ ወደ ልኳ ትጠባለች፣ ቀጣይዋ የረዘመ አንገቷ ይከረከማል፣ ሌላዋ አፏ ይስተካከላል፣ ያለቀችውም ወደ ሳጥኑ ትወድቃለች። ሳህኑ ይዞራል፣ አንተ መጎተት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ጥድፊያ ስወድ። ቀለሆቹን በወጉ ቅባት ሳላስነካ መጎተት ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ እጀታው ቀጥ አለ። አንዷ ቀለህ ብረቱ ውስጥ ተቀርቅራ አልወጣም አለች። እየታገልኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ፤ አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል! እጀታው ሲጮህ ከወጥ ቤት ሰምተው ነው። ወደ ማሽኑ እያመለከቱ "ወተት! ወተት!" አሉኝ። እኔ ሞኟ ሮጬ ከፍሪጅ ወተት ይዤላቸው መጣሁ። ወተቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በግራ እጃቸው መደርደሪያው ላይ ያለውን የበግ ሱፍ ቅባት ቆርቆሮ ጠቆሙኝ። ለካ እሱን ነው! የተቀረቀረችውንም ቂጧን በስተን፣ ብሎን አስገብተን መንግለን አወጣናት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ሁለታችን ጋራዥ እንገባለን። እኔ ቅባቱን አስነክቼ እጎትታለሁ። ፍጥነት ማለት መሮጥ ሳይሆን አለመቆም መሆኑን ያስተማሩኝ ያለ ቃል፣ ጉልበቴን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ነው። እሳቸው ደግሞ ማሽኑ የማይችለውን ሥራ ያዙ። ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ በግራ እጃቸው ይዘው፣ እያንዳንዷን ቀለህ ወደ ማሽኑ ሳትገባ ውስጧን ይዳብሳሉ። ደጋግሞ የተተኮሰ ቀለህ ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ ግን ወርቅ መስሎ ያታልላል፤ ሲተኮስ ለሁለት ተበጥሶ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሳል።

አሁን ወደ ጋሽ ዱዌይን ልምጣልህ። ከወንዙ ማዶ ያለው ከብት አርቢ፣ የአባባ የልጅነት ጓደኛ፣ አባባ ከታመሙ ወዲህ እግሩን ያሳጠረው። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል አንድ ከረጢት ቀለህ ይዞ መጣ። "ለኬሲ ነው፤ የልጅ ልጄ ዘንድሮ በኔ ጠመንጃ ልታድን ነው" አለኝ። አባባን ግን በቀጥታ አላናገራቸውም፤ "ዛሬ እንዴት ዋሉ?" ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው! አባባ አንዷን አንስተው ዳበሱ። ሌላ አነሱ። ፊታቸው ተቀያየረ። ቀለሁን ወደ ጋሽ ዱዌይን ዘርግተው "ሐሙስ! ሐሙስ!" አሉ። "የምን ሐሙስ ነው ኦርቪል? ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለ እሱ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጎ። አባባ ከረጢቱን ገፉት፤ ቀለሆቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጋሽ ዱዌይን ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ደጃፍ ላይ "ልጄ፣ አዝናለሁ፤ ሰውየው ግን ሄዷል። አታድክሚው" አለኝ። አባባ ሰምተዋል። ጆሯቸውማ ደህና ነው።

ራስል፣ በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ብታይ! እኔም ንዴቴ የምሆነውን አሳጣኝ። አንዷን ቀለህ ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኳት። ውስጧ ከቂጧ በላይ ዙሪያውን ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ሌላም ሰነጠቅኩ፤ ያው ነው። ለአባባ ሳሳያቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና በጣታቸው ወደ ወንዙ ማዶ አመለከቱ። ሂጂ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ዱዌይንን ከበረቱ ደጃፍ አገኘሁት። ሁለቱን ግማሾች መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ከንፈሩ ነጣ። "ከዚሁ ዓይነት አንድ ፓኮ ሞልቼ ሰጥቻታለሁ። ቅድም ልትለማመድበት ወደ ተኩስ ሜዳው ሄዳለች" አለ። ስልኳ ላይ ደወለ፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ መቼ ይሠራና! መኪናውን እንዴት እንዳበረረው አትጠይቀኝ፤ እኔ በሩን እንኳ በወጉ አልዘጋሁትም ነበር።

ስንደርስ ኬሲ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ቆማለች። ጉንጯ ላይ ጥላሸት ተቀብቷል፤ መነጽሯም ጠቁሯል። "አያቴ፣ ይሄ ነገር ግማሹ ብቻ ወጣ። ግማሹ ውስጥ ቀረ፤ በሌላ ጥይት ገፍቼ ላስወጣው ይሆን እያልኩ ነበር" አለች። ጋሽ ዱዌይን ፓኮውን ከነጥይቱ ነጠቃትና ራሷን አቅፎ ያዛት። "ኧረ አያቴ፣ አንገቴን!" ስትል ነው የለቀቃት።

ከዚያ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ቀጥታ እኛ ዘንድ መጣ። አባባ እዚያው ጋራዥ ውስጥ የተበተኑትን ቀለሆች በግራ እጃቸው እየለቀሙ ነበር። ጋሽ ዱዌይን ባርኔጣውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተንበረከከና አብሮ መልቀም ጀመረ። አንዷን ወደ ከረጢቱ እየመለሰ "ኬሲ ደህና ናት። ኦርቪል፣ የሄድኩትስ እኔ ነኝ፤ አንተማ እዚሁ ነበርክ" አለ። አባባ መለሱለት፤ ግን ምን እንዳሉ እኔም አልገባኝም። እሱም እንደገባው ሰው አላስመሰለም። "ቆይ፣ አትቸኩል፤ ጊዜ አለኝ" አለና ጉልበቱን አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባባ ታገሉ፣ ግንባራቸውን ላብ ዋጠው፣ በመጨረሻ "ጣ...ለው" አሉ። ጋሽ ዱዌይንም ከረጢቱን እንዳለ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ በርሜል ገለበጠው።

አሁን እኔ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስነዳ እጀታውን የሚጎትተው እሱ ነው። እማማ "ከሁለቱ መናገር የሚያቅተው የትኛው እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ ዝም አይል!" ትላለች። ኬሲም በአዲስ ቀለህ አደኗን ጨርሳ ሥጋ ልካልናለች።

ወንድሜ፣ "አባባ ስልክ የማያነሱልኝ ርቄ በመሄዴ ተቀይመውኝ ነው" ብለሃል አሉ። በፍጹም። አንተ ፊት የተሳሳተ ቃል እንዳያመልጣቸው አፍረው ነው። ትናንት ግን ፎቶህን አንስተው ስምህን ፈለጉት። አልመጣ ሲላቸው "የኔ... ትልቁ" አሉና ስልኩን ጠቆሙኝ። እሑድ ደውል። ቃላቸውን አትጨርስላቸው። ዝም ሲሉ መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ፤ እዚያው ናቸው፣ እየፈለጉህ ነው።

ጆዲን ሳምልኝ፤ ወገቧን ከባድ ነገር አታሸክማት። ብራይስን አክስትህ ቁመትህን በፎቶ አይታ ደነገጠች በለው። ትንሿን ማርኒን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ "ሹራብ ልላክ ወይስ እዚያ ማን ይለብሰዋል?" ትልሃለች። አባባ ግራ እጃቸውን አንስተው ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ሜቪስ
ኮተንዉድ ቤንድ፣ ሞንታና
ኖቬምበር 17 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.