ታኪኖው አሁንም ጥዱ ላይ ያድራል

ተስፍሽዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሞላን። እኔ ደህና ነኝ፤ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሷል። ሲኞራዋ ዘጠናን አልፈዋል፤ አሁንም የማጥባቸውም የማበላቸውም እኔ ነኝ። ባንተ ቦታ አትክልተኛ አልቀጠሩም። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ብታየው ትናደዳለህ።

ታኪኖውም አለ። ያ አጥር ዘሎ ያመለጠው፣ ደረቱን ነፍቶ የሚንጎራደደው የቱርክ ዶሮ፣ ዛሬም ማታ ማታ ጥዱ ላይ ያድራል። ሲኞራዋ ከያዛችሁት ለፋሲካችሁ ይሁን ያሉን ዕለት፣ አንተ ያገር ቤቱ ጅግራ አዳኝ እንቅልፍ አጣህ። የቆጡን አወርድ ስትል የብብትህን እንዳትጥል ብዬ አሾፍኩብህ። ምንም አልመሰለህም፤ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ዕቅዱን ጻፍክልኝ። ለቅዳሜ ሹር ንጋት ነበር። ሐሙስ ልብህ ቆመ።

ጃኬትህን ለሰው ልሰጥ ሳራግፍ ወረቀቱን ዘንድሮ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። የጀመርከውን ልጨርስልህ አልኩ። ሌላ ያላለቀ ሥራ አልተውክም።

ዓርብ ማታ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሰፈረ ከሩቅ አየሁ። አትቅረቢ ብለሃልና አልቀረብኩም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ መብራት ሳልይዝ ወጣሁ። የወይራ መልቀሚያውን መረብ ጥዱ ፊት ካለው ገላጣ ላይ ዘረጋሁ፤ ከኤስኲሊኖ ገበያ የገዛሁትን በቆሎ በተንኩበት። የመረቡን ገመድ ይዤ፣ ጀርባዬን ለግንድ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከወረደ በኋላ አሥር ቁጠሪ ብለሃል። ችኩል መሆኔን ስለማውቅ ሃያ ቆጥሬ ሳብኩ።

ያዝኩት፣ ተስፍሽ። በጋቢህ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ልቡ እጄ ሥር ይመታል። ቢላው ተስሎ አጠገቤ አለ። ደጋግሜ ያነበብኳት የመጨረሻዋ መስመር የገባችኝ ያኔ ነው፦ «ባርኮ ማረዱን ለኔ ተዪው።»

ሴት ዶሮ እንደማታርድ እናቴም ነግራኛለች፤ የከበደኝ እሱ አይደለም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ካገራችን ወንዶች አንዱን ብለምን አማትቦ ያርድልኝ ነበር። ግን የሌላ ሰው እጅ አስጠላኝ። ናፍቀኸኛል። እዚያው ሣሩ ላይ አለቀስኩ፤ ከዚያ ለቀቅኩት።

ሲኞራዋ በመስኮት ሲያዩኝ ኖሯል። «አሎራ፣ ታዲያ ልትለቂው ለምን ያዝሽው?» አሉኝ። ጾሙን በእንቁላል ፈታሁ።

ጃኬትህን ሰጥቻለሁ፤ ወረቀትህ ግን ዳዊቴ ውስጥ ነው። እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ፣ ማታ መስኮት ስዘጋ የሰፈረበትን ቅርንጫፍ አይቼ፣ ስምህን ጠርቼ ነው የምተኛው። ሌላ ቤት ብገባም ስምህን መጥራቴን አልተውም።

ማረዱን ለኔ ተዪው ብለሃል። ትቼልሃለሁ።

ባለቤትህ፣
አስናቀች