አራት እጥፍ ወረቀት

ጂንካ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከራስህ ልጀምርና ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ? ያ ከጋራዡ ጭስ የያዝከው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትመለስ ደጅ ቆመህ ስለህ ስለህ ነው የምትገባው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ይሄኔ ጥርሷን ቀይራለች። እኛ ጋ እግዚአብሔር ይመስገን ዝናቡም ጥሩ ነው፣ በቆሎውም ጥሩ ነው፣ ሰዉም ከብቱም ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን ታምሜ ሳይሆን ተናድጄ ነው።

ሐቢብ ነገ ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በሱ እጅ ነው የምልክልህ። ሜዳው ጭቃ ካልሆነና ከብቱ ተባሮ አውሮፕላኑ ካረፈ ማለቴ ነው። ደምሰው እንደ ልማዱ ከታች ሁለት መስመር ሰላምታ ይጨምርልሃል። አማችህን ታውቀው የለ፤ እኔ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ሳያነብ ስሙን አያኖርም። ያላነበቡት ወረቀት ላይ መፈረም ሐሰት ነው ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ካደረጉት ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ነው የምጽፍልህ።

የላክህልን ዕቃ ሞቷል።

መርዶ ሲያዘገዩት ስለማልወድ አስቀድሜ ነገርኩህ። እንዴት እንደሞተ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩልህ አይገባህም።

የጠየቅኩህ እኔው ራሴ እንደሆንኩ አልክድም። ያቺ ላንድሮቨር ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ ስትወጣ አብረኸን ስለነበርክ አመሏን ታውቀዋለህ። ጠዋት እሳት አልሰጥም ስትል የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። በቀሚሴ ጫፍ እርጥበቱን አደርቅለታለሁ፣ ከክዳኑ ሥር እሳት የምታቀብለውን ፑንቲና በክብሪት ቀፎ ጎን ፈግፈግ አደርጋታለሁ፣ ከዚያ አባባ እንዳስተማረን ወረቀት አራት አጥፌ በሁለቱ ጥርሶቿ መሃል አሳልፋለሁ። ሳይጨነቅም ሳይላላም ካለፈ ክፍተቱ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ የማጥፈው ያንተን ደብዳቤ ነበር፤ ወረቀትህ ወፍራም ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ኖርን። እሳቱ የኔ፣ ከፊቷ ገብቶ ሞተሩን የሚያዞረው ማኖቬላ የደምሰው።

ሰው ፊት ግን ኮፋኖ ነክቼ አላውቅም። እሱ ከልክሎኝ አይደለም። ሚስቱ ናት የምታስነሳለት እንዳይሉት ብዬ፣ ተሳፋሪ መምጣት ሲጀምር እጄን ጠርጌ ዶቃዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ለጂንካ ሰው እኔ ካንዴላን ከበቆሎ እሸት የማልለይ ዶቃ ሻጭ ነኝ። የዶቃውን ነገር ግን ይመሰክሩልኛል። አምስት ዓይነት ቀይ አለኝ፤ አንዷ የምትወደውን ቀይ ሌላዋ በእጇ አትነካውም። እኔ ደግሞ ማን የትኛውን እንደምትፈልግ ገና ከመንገድ ማዶ አውቄ ክሩን አዘጋጅቼ ነው የምጠብቃት።

አምና በመጋቢት ያ ማኖቬላ ተመልሶ የደምሰውን ቀኝ እጅ መታው። አንጓው ላይ ተሰበረ፤ ሲጠገንም ጠምሞ ቀረ። ያን ቀን የገዘር አገሩ ዶላሞ፣ ድንቹን በኛ መኪና የሚያስጭነው፣ ምን አለ መሰለህ? ጋሽ ደምሰው፣ ይቺን መኪና ከበሬዬ ጋር ልጥመዳት ይሆን፤ በሬስ ሊመታ ሲል ቀንዱን ያወዛውዛል፣ ይቺ ምልክትም የላት አለው። ደምሰው በሕመሙ ላይ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ ቁጭ ብዬ፣ ማኖቬላ የማይፈልግ፣ ፑንቲና የሌለው አዲስ ነገር መጥቷል ይባላልና እባክህ ፈልግልን ብዬ የጻፍኩልህ ለዚህ ነበር።

ፈለግህልን። እንዴት እንዳገኘኸው ባትነግረኝም ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሐቢብ ያቺን ጥቁር ሳጥን በልጅህ ሹራብ ተጠቅልላ ሲያመጣልን፣ ሰው የሞተብኝ መስሏት ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው መኪያ ጥቁር ልብስ ነው የመጣልሽ ወይ ብላ ደነገጠችልኝ። ሦስት ገጽ ማብራሪያህን እኔ እያነበብኩ፣ እሱ በግራ እጁ ካቻቢቴ ይዞ እያጠበቀ ሁለት ቀን ፈጀብን። የባትሪው ገመዶች ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ አንዱን በቀይ ፕላስተር ጠቅልሉት ብለህ ነበር፤ ጠቀለልነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህ፣ ቀዩና ጥቁሩ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ቢለዋወጡ ሳጥኑ ይሞታል፣ የሞተም አይነሳም ብለሃል። ይህን ለደምሰው ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩለት።

ከዚያማ ቁልፉን ግማሽ ሳያዞር ተነሳች። አላመነም፤ አጠፋት፤ ደግሞ አስነሳት፤ እንደገና አጠፋት። ያ ሰው በዚያ ዕድሜው እንደ ልጅ ሲጫወት ቆሜ አየሁት። ያቺው መኪያ፣ መኪናሽ ሃይማኖት ቀየረች እንዴ፣ ስትለመንም አትሰማም ነበር ብላ አሳቀችን።

ታዲያ ምን ያናድድሻል ትለኝ ይሆናል። የሚያናድደኝ መሥራቱ ነው።

በድሮው ጊዜ ለግዳጅ መኪና የሚመዘግቡት ሰዎች ሲመጡ፣ ደምሰው ማኖቬላውን አምስት ስድስት ጊዜ ሲያዞር ያዩና ስቀው፣ አይሠራም ብለው ጽፈው ይሄዱ ነበር። ያ ሳቃቸው ያበግነኝ ነበር። አሁን ያንን ሳቅ ብገዛው ደስ ባለኝ። የላክኸው ሳጥን ከገባ ወዲህ መኪናዋ በአንድ ቀን ወይጦ ደርሳ ትመለሳለች፣ ዝናብ ሆነ አቧራ ሆነ ቀርታ አታውቅም፣ የታመመ ቢኖር ደምሰውን ጥሩ፣ እንግዳ ቢመጣ ደምሰውን ጥሩ ሆነ። አራት ወር ሳይሞላ ስሟ አርባ ምንጭ ደረሰ። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 12 መኪና ሁሉ ገበያው ዳር ይቅረብ፣ በቁልፍ የሚነሳ ከነሾፌሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል የሚል ቃል መጣ።

ወልደ ጊዮርጊስን ታስታውሰው የለ? ያ ቀልደኛው፣ ፒካፕ የነበረው። አምና በጥር እንደዚሁ ሄደ። ለሦስት ወር ነው ብለውት ነበር። እሱም መኪናውም እስከ ዛሬ የሉም። ሚስቱ ባዩሽ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ሜዳው ዳር ትቆማለች። ከዚያ በኩል በአውሮፕላን እንደማይመጣ አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ሌላ የምትቆምበት ቦታ የላትም።

እኔ ያን ቃል እንደሰማሁ ደምሰውን ለመንኩት። እጅህ ጠማማ ነው፣ ሃምሳ ሁለት ዓመትህ ነው፣ ተበላሽታለች በል አልኩት። ዓይኔን እያየ፣ የምትነሳን መኪና አትነሳም ልበል፣ እሁድስ ምን ይዤ ልጸልይ ነው አለኝ። የሚያስፈራኝ መሄዱ አይደለም፣ ከጠየቁኝ ትነሳለች ነው የምለው አለ። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄበት አላውቅም። እውነተኛ ሰው ማግባት ጥሩ ነው ትል ነበር እማማ፤ አብሮ መኖሩን ግን እሷ አልሞከረችውም። በመጨረሻ እኔም ደከመኝና፣ በል እንግዲህ ማንም ዋሽ አላለህም፣ የምታውቀውን ተናገር ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አጠባት። እኔም ልርዳው ብዬ ኮፋኖውን ብከፍት፣ ባትሪው ራስ ላይ ያ ነጩ ዝገት ተጋግሮበታል። ለእንግዳ ቀን እንዲህ ሆና አትቅረብ ብዬ ሁለቱንም ገመድ ፈትቼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። እሱ በዚህ መሃል ልብስ ሊቀይር ገብቶ ነበር። መልሼ ሳስር ነው እንግዲህ ቀዩ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ የገባው። ምን ዓይነት መጋረጃ ዓይኔ ላይ እንደወረደ አላውቅም። አንደኛው የገመድ ቀለበት እንዲያውም ጠቦ አልገባም ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ልብ ማለት ሲገባኝ በድንጋይ መታ መታ አድርጌ አስገባሁት። ሌላኛው ደግሞ ሰፍቶ ሲወዛወዝብኝ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት መንገድ ላይ አግኝቼ አጥፌ ሸጎጥኩበት። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ይህን ስታነብ እንዴት እንደምትስቅብኝ ይታየኛል።

የመጡት ሦስት ናቸው። ዋናው ደምሰውን ትነሳለች ወይ አለው። ደምሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አዎ ጓድ፣ በግማሽ ቁልፍ ትነሳለች አለ። ቁልፉን ሰጠው፤ ሰውየው ራሱ ገብቶ አዞረ። ሞተሪኖው ዞረ። እሳት የለም። ደግሞ አዞረ። ከኮፋኖው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ፤ ያንተን ሳጥን ነፍስ ይማር። የደምሰውን ፊት ብታየው ኖሮ፣ ወንድሜ። ከዚያ ፊት ላይ እንኳን ሰውየው እኔም ብሆን ውሸት ፈልጌ አላገኝም።

ሰውየው ከፍቶ ቀዩን ፕላስተር አየና ማን ነው ባትሪውን የነካው አለ። ከዶቃዬ ተነስቼ እኔ ነኝ ጓድ አልኩ። ቀይና ጥቁር አትለይም እንዴ አለኝ። ጓድ፣ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት አልኩት። የገበያው ሰው ሁሉ ሳቀ። መኪያ ብቻ አልሳቀችም፤ መሬት የተዘረጋውን ዶቃዬን ቀና ሳትል ስታይ ቆየችና፣ የታጠፈ ጨርቋን ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ሰውየው ለደምሰው፣ ሚስትህን ከንብረት አርቃት አለውና አይሠራም ብሎ ጽፎ አለፈ።

ያ ነው ያንገበገበኝ። የአባባ ልጅ ሆኜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቀይና ጥቁር እያለ ሲጠቅሰኝ ሰነበተ። ዶላሞማ ትናንት ድንቹን ሲያወርድ፣ እትዬ፣ ይኼ ድንች ነው፣ ያኛው ድንጋይ ነው፣ እንዳይሳሳቱ አለኝ። እሱ ድንቹን አሁን በአህያ ነው የሚያመጣው፤ ከገዘር የሚመጣ በሽተኛም እንደ ድሮው በሰው ትከሻ ነው። ይህም በኔ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ።

ሰኞ ሁለት መኪናዎች ከነባለቤቶቻቸው ሄዱ። የሸኘ ሰው ሁሉ ተበትኖ ሲያልቅ ባዩሽ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። አልገዛችም፣ አልተጫወተችም። አንዱን የዶቃ ክር እያፍተለተለች ቆይታ፣ ምነው እኔም ያን ቀን ቀይና ጥቁር ባልለየሁ ኖሮ አለችኝና ተነስታ ሄደች።

ወንድሜ፣ የለፋህበትን ዕቃ በእጄ ገድዬብሃለሁና ይቅር በለኝ። አደራህን ሌላ እንዳትልክ። የኔ እጅ አይታመንም፤ ሌላም ቢመጣ ይሞትብኛል። ሐቢብ ሲመለስ የምትሰጠው ካላጣህ ፑንቲና ስጠው፤ አዲስ ባይሆን ይሻላል።

ደምሰው ትናንት ባትሪውን አስተካክሎ ሊያስር ፈትቶት ነበር። ያን የሸጎጥኩትን ብልጭልጭ ወረቀት አገኘው። በጥፍሩ እጥፉን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ቆጠረው። ከዚያ ኪሱ ከተተው። አሁን ይህን ደብዳቤ እዚህ ድረስ ጽፌ፣ በል አንብበህ ሰላምታህን ጨምርበት ብዬ ብሰጠው፣ ዛሬ መነጽሬን የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ፣ ሳላነብ ደግሞ አልፈርምም አለኝ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ስለዚህ የሱን ሁለት መስመር በዚህኛው አትጠብቅ።

እንግዲህ አምላክ ሳልህን ያንሳልህ፣ እጅህን ከብረት ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ የወጣ ሁሉ የሚመለስበትን ቀን ለሁላችንም ያቅርብልን። ቶሎ ጻፍልኝ። ወረቀቱ እንደ ድሮው ወፈር ያለ ይሁን።

ሁልጊዜ የምታስብህ
እህትህ