የተከልካቸውን ነቀልኳቸው

ውድ አባቴ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ፤ ደብዳቤ ስጽፍልህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ በስልክ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን የምንዘጋ ሰዎች ነበርን። አሁን ግን ያደረግኩትን ካልነገርኩህ እፎይ አልልም። 

ዕድሜዬ ሳይደርስ ቀድሜ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ረግረግ እወርዳለሁ። አዎ፣ ያንተው ረግረግ፣ ደርቆ ለምድጃችን ማገዶ የሚሆነውን ጥቁር አፈር ስትቆርጥበት የኖርከው። ብታየኝ ትስቅ ነበር፤ ቦት ጫማዬን ጭቃ ነካው ብዬ የማለቅሰው እኔ ነበርኩና። ሥራችን ትንኝ የሚበሉትን የደሴታችንን ተክሎች ማዳን ነው። ያችን ጤዛ የመሰለ ሙጫ ይዛ ትንኝ የምታጠምደውን ቀይ ትንሽ ተክል ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ጠላቷ ደግሞ ሌላ ዝንብ በል ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቅጠሉ እንደ ገንቦ ውሃ የሚይዝ። ገንቦ አበባ እንለዋለን። አንዴ ከያዘ መሬቱን ይሸፍንና የኛዋን መድረሻ ያሳጣታል። ስለዚህ ከነሥሩ እንነቅለዋለን። አንድ እንኳ ከቀረ ዘሩ ይበተናል እያልኩ ለአዲስ መጪ ሁሉ የምለፈልፈው እኔ ነኝ፤ የአስተማሪነት አመሌ አልለቀቀኝም።

ያለፈው ቅዳሜ አፈር ከምትቆርጥበት ቦታ ጀርባ ደረስን። «እዚያ አትርገጪ፣ መሬቱ ይውጥሻል» እያልክ የምትከለክለኝ ቦታ ነው። ገንቦ አበባው ተራብቶ ዙሪያውን ተበትኗል፤ ትልልቆቹ ግን ክብ ሠርተው ቆመዋል። አስተባባሪያችን ፊንታን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየና «ይሄን የተከለው ሰውዬ ገመድ ዘርግቶ ለክቷል። ጥፋተኛው ገበሬ ነው፣ ይታሰር» አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ተንበርክኬ ሃያ ስድስቱን ነቀልኩ።

የመጨረሻው መሃል ላይ ነበር። ጣቶቼን ሰድጄ ሥሩን ስፈልግ ድንጋይ ነካሁ። እዚያ ረግረግ ውስጥ ድንጋይ የለም፤ ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነጭ ነው፣ እንቁላል ያክላል። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በመስቀል ቅርጽ ተደርድረዋል።

ነጭ ድንጋይ ምን እንደሆነ በአገራችን ያልሰማ የለም። ክርስትና ሳይነሱ የሞቱትን ሕፃናት ቄሶቹ ከቤተክርስቲያን ቅጥር አናስገባም ሲሉ፣ አባቶች በብብታቸው ይዘው ሄደው ሰው በማይደርስበት ይቀብሯቸው ነበር። ግን እኮ ያ የሌላ ሰው ቤት ወሬ ነበር። የኛ ቤት አልነበረም።

«ምነው ኑላ፣ ክው አልሽ?» አለኝ ፊንታን። «እባብ አየሽ እንዳልልሽ ደሴታችን ላይ እባብ የለም።»

ድንጋዮቹን በጭቃው መልሼ ሸፈንኩና «ይሄን አንዱን ተውልኝ» አልኩት።

«አንድ እንኳ አይቀርም የምትዪን አንቺ?»

«ተውልኝ አልኩህ እኮ።»

ፊቴን አየና ጆንያውን ይዞ ዞር አለ። ኮፍያህን የምታወልቀው እዚያ ቦታ ላይ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ላብህን የምትጠርግ ይመስለኝ ነበር።

ከነጭቃዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ድንች ትልጣለች። ቀና ሳትል «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ።

«እማ፣ አባዬ አፈር ይቆርጥበት ከነበረው ቦታ ጀርባ ነጭ ድንጋይ አገኘሁ።»

ቢላዋው ቆመ። «አበባውስ?» አለች።

«ነቀልኩት።»

«ሁሉንም?»

«አንድ ቀርቷል።»

ቁጭ አለች። «ድንጋዩን ጭቃው ይውጠዋል አለኝ አባትሽ። ሌላ አበባ ብተክል ይሞታል፣ ይሄ ግን ክረምት ከበጋ አይጠፋም ብሎ ከወንዙ ማዶ ካለው ረግረግ በባልዲ አመጣው። የሕፃኗን ሳጥን ከሻይ ቅጠል ማሸጊያ ጣውላ ነው የሠራላት። እኔ ገና የአራስ አልጋ ላይ ነበርኩ። ቦታውን አላየሁትም።»

«ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«አትጠይቂኝ አለኝ። አልጠየቅኩትም።»

አባዬ፣ ተናድጄብሃለሁ። በራሴም ደንግጫለሁ። ጣቴ ያንን ድንጋይ ባይነካ ኖሮ ምልክቱን በሙሉ አጥፍቼ፣ ጎበዝ ተብዬ ቤቴ እገባ ነበር፤ እናቴም የልጇን መቃብር ሳታይ ትሞት ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወሰድናት። ፊንታን ከፊት ከፊት ጣውላ እያነጠፈ፣ እኔ ክንዷን ይዤ። በሰማንያ አራት ዓመቷ ያንተን ቦት ጫማ አድርጋ ሄደች። ስትደርስ አላለቀሰችም። የቀረውን አንዱን አየች፤ ከሥሩ ታፍና የበቀለችውንም ቀይ ትንሽ ተክል አየች።

«ይቺን ይገላታል የምትዪው እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማ።»

«እንግዲያ ይበቃዋል። ድንጋዮቿ ይታዩ፤ አሁን ከማን እንደብቃታለን?»

ትከሻዬን ተደግፋ ጎንበስ አለችና በገዛ እጇ ነቀለችው። ሥሩ በቀላሉ አልለቀቀላትም፤ እኔ ልርዳሽ ብል በክርኗ ገፋችኝ። ከዚያ ድንጋዮቹን በመዳፏ ጠረገችና ቀስ ብላ «ኑላ» አለች።

«አቤት እማ።»

«አንቺን አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ፊንታን ፊቱን አዞረ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ሃምሳ አምስት ዓመት አቤት ስልበት የኖርኩት ስም ከኔ በፊት ባለቤት ነበረው። ስትጠራኝ ማንን ትጠራ እንደነበር እንጃ።

ድንጋዮቹን ከጭቃው በላይ አውጥተናቸዋል። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ፤ ዙሪያውን የኛዋ ቀይ እንድትይዘው፣ ገንቦ አበባው እንዳይመለስ እጠብቃለሁ። ስደርስ ሻሼን አወልቃለሁ። ሰው ቢያየኝ ላብ ነው አልልም።

ሁለተኛዋ ልጅህ፣
ኑላ