የግራው ስፒከር

ማክሰኞ

ግራው ደብዝዟል። ሳምንት ሙሉ ስጠራጠር ነበር፣ ዛሬ አረጋገጥኩ። ክራሩ ከቀኝ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ በግራ ያለው ዋሽንት ግን ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ምን ነክቶት ነው? ቆቃ ግድብ ላይ ተቀጥሬ ስሠራ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለቱንም ስፒከሮች ትቶልኝ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው፣ አንድ ቀን አስቀይመውኝ አያውቁም። ሳጥን የላቸውም። እንግዳ ሲያያቸው የልብስ መስቀያ ይመስሉታል። እያንዳንዳቸው ሁለት የተበሳሳ ብረት ናቸው፤ በመሃሉ ከፌስታል የሳሳ ላስቲክ ተወጥሯል። ላስቲኩ በሺህ በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፣ ብረቶቹ ወዲህና ወዲያ ይስቡታል፣ በቃ ድምፅ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ከባድ ነገር ስለሌለው ዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ይሰማል። ይሰማ ነበር ልበል።

እሑድ አርሲ ነገሌ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሞንታርቦ ያስመርቃል። ድምፁን የማስተካክለው እኔ ነኝ። የመዘምራኑ ኃላፊ ታሪኩ "ጋሼ ጌታሁን ካልሰሙት አንጀምርም" ብሏል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለዚህ ጆሮዬ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ከመሄዴ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ እነዚህ ፊት ቁጭ ብዬ ጆሮዬን አስለምዳለሁ። እስከ እሑድ መሠራት አለበት።

ረቡዕ

መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ጠረጠርኩ። የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ። አሁንም የደበዘዘው ግራው ነው። እንግዲህ አምፕሊፋየሩ ነጻ ወጣ፣ ጥፋቱ ስፒከሩ ላይ ነው አልኩ።

ከዚያ ዳንቴሉን አየሁት። ባለቤቴ አስቴር ዳንቴል የማታለብሰው ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሶፋው። እነዚህን እንዳትነካ ግን ስንቴ ነግሬያታለሁ። የግራው ላይ ጣል አድርጋበታለች፤ የቀኙን ገና እየሠራች ነው። ስነካው እርጥብ ነው። አጥባ ሳይደርቅ!

"አቧራው እኮ ነው" አለች። "አንተው አይደለህ እንዴ አቧራ ይስባል ያልከው?"

ብያለሁ። ያ ሁሉ ቮልት የአዳማን አቧራ ለቅሞ አይጠግብም። ግን ማን ይስማት። መንጭቄ ሳነሳው ጠርዙ ብረቱ ላይ ተያዘና ተተረተረ። ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ነው። ሰብስባ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

ሶኬቱን ትናንት ነቅዬው አደረ፤ ቮልቱ ቶሎ አይለቅም፣ ቸኩሎ የነካውን ሰው ያነጥራል። ጠዋት ፈታሁት።

ያገኘሁት፦ አቧራ እፍኝ ሙሉ። አንድ የደረቀች የእሳት ራት። ቀዳዳ የለም። የተቃጠለ የለም። እርጥበት የለም። ላስቲኩ እንደተወጠረ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ስንት ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ፣ ደህና ዕቃ ሳይ አውቃለሁ። እልህ ያዘኝ። የድሮውን ላስቲክ ገንጥዬ ጣልኩት። መለዋወጫ የነበረኝ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፣ እሱን አወጣሁ። የአስቴርን የፀጉር ማድረቂያ ፎን ወሰድኩ (አልጠየቅኳትም፣ አናወራም)። በሙቅ አየሩ ላስቲኩ ሰብሰብ እያለ ተወጠረ። ከዚያ ፈሳሽ ሳሙና በውኃ አቅጥኜ በጥጥ ቀባሁት፤ ቮልቱን የሚይዝለት እሱ ነው፣ ከበዛ ግን ያበላሸዋል። እኩል ተዳረሰ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አስቴር ምሳ አቅርባልኝ ጎረቤት ሄደች። ዛሬም ኩርፊያ ላይ ነን።

ዓርብ

ገጠምኩት። አበራሁት። ያው ነው።

ዋሽንቱ ያው ድፍን። ሁለቴ አጠፋሁ፣ ሁለቴ አበራሁ። እንግዲያው ቀኙንም ልፍታና ላወዳድር ብዬ መፍቻውን ከጠረጴዛው ላይ ለማንሳት ጀርባዬን ሰጠሁ። ዘፈኑ አልቆመም። ዋሽንቱ ጠራ። ክራሩ ደበዘዘ።

ዞርኩ። ተገለበጠ። እንደገና ጀርባዬን ሰጠሁ፣ እንደገና ተገለበጠ።

መሃል ቆሜ ግራ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቀኙን ደፈንኩ። ዋሽንቱም ክራሩም ርቀው ሄዱ።

ቁጭ አልኩ። ያልተበላሸ ላስቲክ ገንጥያለሁ። ምንም ያላጠፋ ዳንቴል ተርትሬያለሁ። ሽቦ ቀያየርኩ፣ ብሎን ፈታሁ፣ ሚስቴን ወቀስኩ፤ ራሴን መጠርጠር ግን ለአፍታ አልመጣልኝም።

ፈርቻለሁ። እርጅናውን አይደለም። ታሪኩ መደወል ያቆማል ብዬ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት "በቀኙ እሠራለሁ፣ ማን ያውቅብኛል?" ስል ነበር። እስከ አራት ሰዓት ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ደወልኩለት።

"አከም ጋሼ፣ ተዘጋጁ?" አለኝ። ነገርኩት። "እሱማ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ምነው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ባቱ ከተማ አስተካክለውልን ከሄዱ በኋላ ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ቀንሰነዋል። ሰው ጆሮውን ይዞ ነበር። እንዳናስቀይምዎት ብለን ነው።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊትም" አለ።

ከዚያ "ግን ይምጡልን፣ መጥተው ቢጸልዩልን ይበቃናል" አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው ያለው። ያ ነው ይበልጥ የጎዳኝ። አመመኝ ብዬ ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ አልከፈትኩም። አምፕሊፋየሩንም ነቀልኩት።

እሑድ

አልሄድኩም። አሁን እዚያ እየዘመሩ ነው። ሚክሰሩ ጋ ማን እንደቆመ እንጃ።

አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ምሳ ላይ ቀና ሳልል "ዳንቴሉ ምንም አላደረገም። ጆሮዬ ነው። ግራው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

እንዴት እንደምታውቅ ጠየቅኳት። "ዓመት ሆነኝ እኮ በቀኝህ መቀመጥ ከጀመርኩ። መንገድም ላይ በቀኝህ ነው የምሄደው። ልብ አላልክም?"

ልብ አላልኩም። አልጋ ላይ ሳይቀር ቦታ ቀይራለች፤ ወገቤን አሞኝ ነው ብላኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። ያኔ ገና በግራህ ነበርኩ።"

አላሳቀኝም። እሷንም አላሳቃትም። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ዞራልኝ እኔ ዳንቴሏን ተረተርኩባት። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ወጥ ጨመረችልኝ።

ነገ ጠዋት የጆሮ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነው። ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል ትላለች። እኔ አይመስለኝም። እሺ አልኳት።