በጋቢ ላይ የተሠራው ሐረጎ

ሙሄዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ባትመልስልኝም ሰላምታዬን አላስቀርም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጦሳ ተራራ ከጉሙ ብቅ ብሏል፤ የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ጭቃም መድረቅ ጀምሯል። የምጽፍልህ ደጃፋችን ላይ፣ አንተ የሞተርህን ካንዴላ የምታጸዳበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። መዳፌ ስለተላጠ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ። ትናንት የሐረጎን ዳገት በሞተር ወጣሁ። ያላንተ። ወላሂ እኔም ገና አላመንኩትም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ወሬ ከመሀል ሲጀመር አትወድም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። በጓዳ በኩል ያፈስ የነበረውን ጣሪያ ጓደኛህ እንድሬ መጥቶ ደፈነልኝ። የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ያው ሰልፍ ነው፣ ቤንዚንም ያው በኩፖን ነው። ወደ ሰሜን የሚያልፉት የወታደር መኪኖች ግን በዝተዋል፤ ሲያልፉ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጫቀጫል። ሞተርህን ወደ ውስጥ አስገብቼ ከአልጋው ግርጌ አቆምኩትና ጋቢህን አለበስኩት። መሪው ከጋቢው ሥር እንደ ሰው ትከሻ ጉብ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ አንተ ተነሥተህ የተቀመጥክ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሽጪው ያለኝንም፣ ልንዳልሽ ያለኝንም እምቢ ብያለሁ።

ያ ጋቢ የዋዛ ጋቢ አልነበረም። መስከረም ሲጋመስና ከሞተረኛ ጓደኞችህ ጋር በየዓመቱ የምትወጡት ጉዞ ሲቃረብ ከትከሻህ አውርደህ መደቡ ላይ ትጥለውና በሁለት እጅህ እየሰበሰብክ ሐረጎን ትሠራበት ነበር። እዚህ ጋ ትቆነጥራለህ፣ እዚያ ጋ ትደፈጥጣለህ። ከላይ ደሴ፣ ከታች ኮምቦልቻ፣ መሀሉ እጥፋት በእጥፋት ይሆናል። ከዚያ እህል አምጪ ትለኛለህ። ሞተረኛው ሁሉ የየራሱ ፍሬ ነበረው። የወባ መከላከያው እንድሬ ስለሚከንፍ ምስር ተባለ፤ አንዴ ከተንከባለለ አይያዝማ። በዕድሜም በመነጽርም ከሁሉ የሚከብዱት መምህር ታደሰ ሽንብራ ሆኑ። ሁለቱ የእርሻ ቢሮ ባልደረቦችህ ስንዴ፣ ፖስተኛው ማሽላ። እኔና አንተ አንድ ሞተር ላይ ስለምንወጣ አንድ ባቄላ አደረግኸን፤ ባቄላ ሲላጥ ሁለት ነው አልከኝ።

በጣትህ እጥፋቱን እየተከተልክ ድንጋይ የሚወርድበትን ኩርባ፣ ጉም የሚተኛበትን ገደል፣ የምናርፍበትን ቦታ ታሳየኛለህ። አንዳንዴም አርምሃለሁ። አንተ ስትነዳ መንገዱን ነው የምታየው፣ ተራራውን የማየው እኔ ነኝ ስልህ ቅር ሳትሰኝ ጋቢውን እንደነገርኩህ ትጎትተዋለህ። ለአንድ ቀን ጉዞ ስንት ማታ ትደክማለህ እያልኩ ስቄብሃለሁ። ዛሬ ግን ይገባኛል። ያን ተራራ ትፈራው ነበር። ትልቅ ሰው ቤት ሊገባ ደጃፉ ላይ ጫማውን እንደሚያራግፍ እንግዳ ነበርክ፤ እኔ ደግሞ ያን ፍርሃትህን እወድልህ ነበር።

ቀበሌ የሄድክበትን ቀን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። ስድስት ሞተር ተሰብስቦ ከከተማ ሲወጣ ያለ ፈቃድ እንዴት ይሆናል! ሊቀመንበሩ የጉዞው ዓላማ ምንድን ነው ሲሉህ መንገዱ ያምራል፣ ልናየው ነው አልካቸው። እሳቸውም መንገድ ማየት ዓላማ አይሆንም ብለው ሸኙህ። ቤት መጥተህ ግንባርህን ይዘህ ተቀመጥክ። በሌላው ቀን ተመልሰህ፣ ክረምቱ ሐረጎ ላይ ያወረደውን ድንጋይ የምናነሣ የበጎ ፈቃድ ዘማቾች ነን አልካቸው። ዘመቻ ሲሰሙ ማኅተሙን ራሳቸው ተነሥተው ፈለጉት። እንግዲህ አንዴ ተብሏልና ስድስቱም ሞተር ላይ አካፋ ታሰረ። የመጀመሪያውን ናዳ ከመንገዱ ስታነሡ አንድ የጭነት መኪና ቆመ፣ ሾፌሩ ወረደና እያንዳንዳችሁን ጨበጠ። ለይምሰል የታሰረው አካፋ ከዚያ በኋላ የምር ሆነባችሁ። የሐረጎን ድንጋይ ሳታነሡ ያለፋችሁበት መስከረም አልነበረም።

አካሄዳችሁም ለሰው እንግዳ ነበር። ዝግተኛው ፊት ይሄዳል፣ ጎበዙ ጭራ ይሆናል። መምህር ታደሰ ፊት፣ አንተ መጨረሻ። እንድሬ ጥርሱን እያፋጨ መምህርን ተከትሎ ሲያዘግም ማየት ትርኢት ነበር። ጉም ከመጣ ከፊት ጀምሮ በየተራ ክላክስ ይደረጋል፤ የመጨረሻው ያንተ ነው። እኔ ከጀርባህ ሆኜ እቆጥራለሁ። በየኩርባውም ወደ ኋላ ዞሬ መኪና ከመጣ ትከሻህን መታ አደርግሃለሁ። የኋላ ዓይኔ ትለኝ ነበር። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ስወጣ ጎረቤት በየበሩ ተሰልፎ ባለሱሪዋ ሙሽራ እያለ አሾፈብኝ። ይሳቁ፤ እኔ ያየሁትን አላዩም።

የጉሙን ቀን መቼም አትረሳውም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጃኬት አስወልቆን፣ ፓፓያ በልተን ነበር ወደ ደሴ የተነሣነው። የሐረጎ ወገብ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከቦርከና ወንዝ በኩል ሞልቶ መጣና የሞተርህ መብራት ከፊት ጎማው ማለፍ አቃተው። ከፊት የመምህር ክላክስ መሰማት ነበረበት፤ አልተሰማም። የእንድሬ፣ የሁለቱ፣ የፖስተኛው፣ ያንተ ብቻ ተሰማ። አንድ ጎደለ። ሁለተኛውም ዙር ጎደለ። ትከሻህን መታሁህ። እንድሬ መምህር ቀድመውን ሄደው ይሆናል ብሎ ወደ ላይ ሊፈተለክ ሲል ጮኸህ አስቆምከው። ሁሉም ሞተሩን እንዲያጠፋ አደረግክ።

ሞተሮቹ ዝም ሲሉ የተራራውን ትልቅነት በጆሮዬ ሰማሁት። ምንም አይታየኝም፣ ግን ከበላዬም ከበታቼም ያለው ሁሉ ተሰማኝ። ቀስ ብለህ፣ አልፈናቸዋል ዘይኑ፣ ከኋላችን ናቸው አልከኝ። ለካ ጉሙ መነጽራቸውን ሲያለብሰው ሊጠርጉ ወደ ዳር ወጥተው ሞተራቸው ጠፍቶባቸው፣ ሁላችንም በአጠገባቸው አልፈናል። ሰው ከኋላዬ አይቀርም እያልክ የምትኩራራው አንተ፣ ሰው ከኋላህ ጥለህ ወጥተሃል። ከታች ደግሞ የወታደር መኪኖች ዳገቱን ሲያቃስቱ ይሰማል።

የነጠላዬን ጫፍ ቀደህ አካፋው ላይ አሰርክ። ስማቸውን እየጠራን በእግራችን ቁልቁል ሮጥን። ኩርባው ላይ አገኘናቸው። ሞተራቸው እግራቸው ላይ ወድቋል፣ የኋላ ጎማው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። አንተ ሞተሩን ስትይዝ እኔን ከኩርባው በታች ወርጄ አካፋውን እንዳውለበልብ ላክኸኝ። የመጀመሪያው መኪና ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ሲቆም የሞተሩ ትኩሳት ፊቴን ገረፈኝ። ያን ያህል ቅርብ ነበር። ስመለስ መምህርን አውጥተሃቸው ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ነበር።

ከዚያ ነፋስ መጣና ጉሙን ገፈፈው። ምድር ተከፈተች። ኮምቦልቻ ከነጣሪያዋ፣ ቦርከና በሜዳው ላይ ተጋድሞ፣ የወጣነው መንገድ እጥፋት በእጥፋት ሆኖ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ልክ ጋቢህ ነበር። ያንን የሚያህል ነገር በመደባችን ላይ ስትሠራው እንደኖርክ ያኔ ገባኝና ተራራውንም አንተንም እያፈራረቅኩ አየሁ። የተጫኑት ወታደሮች መኪናው ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ፤ አብዛኞቹ ገና ለጋ ነበሩ። መምህር በስመአብ ሲሉ አንተ ሱብሃነላህ ስትል እኩል ወጣ። ከነዚያ ወታደሮች ስንቱ ያን መንገድ ተመልሶ እንዳየው አላህ ይወቀው።

ከዚያ ሁሉ ገደል የተረፍክ ሰው ሳል ጀምሮህ በተኛህበት አለቅህ። አሁንም ይገርመኛል፤ ሲገርመኝ እናደዳለሁ፣ ስናደድ አለቅሳለሁ። በቀብርህ ቀን ጓደኞችህ ያደረጉትን ግን ማወቅ አለብህ። ሞተራቸውን አጥፍተው በእጃቸው እየገፉ ከአስከሬንህ ኋላ ተከተሉ። ዳገቱ ላይ መምህር ሲያለከልኩ የሚያግዛቸው መጣ፤ አሻፈረኝ አሉ። ጎማው መሬቱን ሲፈጭ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰኞ ገበያ ሲደርሱ ገበያተኛው ሁሉ ሸቀጡን ጥሎ ቆመ።

ያለፈው ሳምንት አምስቱም ቤት መጡ። ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። በመጨረሻ መምህር ጭንቀታቸውን አወጡት። የሐረጎ ድንጋይ ወርዷል፣ መኪኖቹ ይቸገራሉ፣ ጭራ የሚሆን ግን የለም። ማንም ያንተን ቦታ ደፍሮ አልያዘም። ዘንድሮ ካልወጣን ነገሩ እዚህ ላይ ያከትማል አሉ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ፤ ያን ሞተር ፍቀጂልኝ፣ ጭራ እኔ ልሁን፣ ከኋላ መቅረት ምን እንደሆነ ከኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም አሉኝ። ይህን ያሉት ከሁሉ ዝግተኛው ናቸው! እንድሬ እንኳ አልሳቀም። ሁሉም እኔን ያያሉ። እሺ ካልኩ አልጋዬ ግርጌ የሚቆም ነገር ሊቀርብኝ ነው፤ እምቢ ካልኩ ደግሞ አንተ የሠራኸው ሁሉ በኔ እጅ ሊቆም ነው።

መምህር ቀጥለው፣ ለማንኛውም መንገዱን እንየው፣ ጋቢው የት ነው አሉ። ጋቢው ያለው ሞተሩ ላይ ብቻ ነው። ተነሥቼ ገፈፍኩት። መሪው፣ ወንበሩ፣ የተላጠው ቀለሙ ወጣ፤ ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር። እንድሬ ጋቢውን ተቀብሎ ሐረጎን ሊሠራ ሞከረ፤ የእህል ጆንያ አስመሰለው። አላስቻለኝም። እጁን ገፋ አድርጌ ራሴ ቆነጠርኩ፣ ደፈጠጥኩ፣ ጎተትኩ። እጄ ያውቀዋል ሙሄ! ኩርባ በኩርባ ወጣልኝ። ምስሩን፣ ስንዴውን፣ ማሽላውን፣ ሽንብራውን ደረደርኩ። ባቄላው ሲቀር እንዳለ፣ ሳልከፍለው፣ ከመጨረሻ ከሽንብራው አጠገብ አስቀመጥኩት። እኔም እወጣለሁ አልኳቸው።

ትናንት ወጣን። ፖስተኛው ፊት፣ እንድሬ ከጭራው ቀደም ብሎ፣ መምህርና እኔ ባንተ ሞተር ላይ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስናነሣ ዋልን፤ እኔም አካፋ ያዝኩ፣ መዳፌ ተልጧል። ስንመለስ ጉሙ እዚያው ቦታው ላይ ጠበቀን። የፖስተኛው ክላክስ ተሰማ። የሁለቱ ተሰማ። የእንድሬ ተሰማ። ከዚያ ዝም ሆነ። የመምህር ጣት ክላክሱ ላይ ነው፤ መጫን ግን አቅቷቸዋል። የፊቶቹ ቆሙ። በወገባቸው በኩል እጄን ሰድጄ እኔ ተጫንኩት።

ያው ያንተ ድምፅ ነው፣ ያ ጎርናናው። ሐረጎ ተቀብሎ ከገደል ገደል አዞረው፣ ከላይም ከታችም እየደጋገመ መለሰው። በዚያ ትልቅ ነገር ውስጥ ጠፍተህ አልቀረክም። መምህር አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ፊት ያሉትም ሞተራቸውን አንቀሳቀሱና ወጣን።

ሞተርህ ዛሬ ደጅ ነው። መምህር እዚህ ያሳድሩታል፣ ለጉዞው ብቻ ይወስዱታል፤ እንዲህ ተስማምተናል። ጋቢህን ደግሞ ማታ እኔ እለብሰዋለሁ፤ ብርዱ መጥቷል። አላህ ከጀነት ሁሉ ከፍ ያለውን፣ ጀነተል ፊርደውስን፣ ይወፍቅህ የኔ ዓለም። አንድ ነገር ቃል ልግባልህ። ትናንት በየኩርባው እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጭራ ነንና ከእኛ በኋላ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁና ያን ተራራ እስከወጣሁ ድረስ ግን እዞራለሁ።

የኋላ ዓይንህ፣
ዘይነባ