በቃጫ የታሰሩት ጠረጴዛዎች

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ታምራት ኤርካሎ፣ ባለህበት ደቡብ አፍሪካ።

ወንድም ጋሼ፣ የጌታ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም እዚያም ተከተለህ ወይስ አገር ስትቀይር ተወህ? ሱቁስ? አብረውህ የሚሠሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? ምግቡን ለመድከው ወይ? እማማ ከስቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች። የላክኸውን ፎቶግራፍ መስኮቱ ጋ ይዛ ትቆምና ጉንጭህን በጣቷ ትለካለች፤ ከዚያ ደግሞ እዚያ አገር ዳጣ የሚያቀምሰው ማን አለ እያለች ትብሰለሰላለች።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። እንደዚያ የጀመርኩትን ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። አትደንግጥ፣ ማንም አልሞተም። ግን ባለፈው በጋሽ ዳና ስልክ ስትደውል አባባ እጁን ትንሽ ተጎድቷል ያልኩህ ውሸቴን ነው። የአባባ የቀኝ እጅ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ከግማሻቸው የሉም። የቆረጣቸው ደግሞ እኔ የሠራሁት ጠረጴዛ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ነገሩ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እንደ አዲስ ክው እላለሁ።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ? ከሌላ ሰው ተጣሞ ከሚደርስህ ከእኔ ከራሴ ስማው።

የእድራችንን ዕቃ ቤት መቼም አትረሳውም። አባባ በጉልበቱ ጊዜ የሠራቸው እነዚያ የዋንዛ ጠረጴዛዎች አንዱን ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋሉ። ቤቱ ከስምንት በላይ አይችልም፤ የቀሩት ደጅ እያደሩ ዝናብ ሲመታቸው ከረመ። ባለፈው ጥር የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዳና አስጠሩኝና፣ እግሩ የሚታጠፍ፣ ተደራርቦ የሚቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ጠረጴዛ ትሠራልን እንደሆን አሉኝ። አባባ አሁን የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ስለሆነ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የእሱን ጠረጴዛ በእኔ ይተኩ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ፈገግ ብሎ፣ ልጄ ቃሌ ይችላል አለ።

ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ገበታውን ከኮምፔንሳቶ ጣውላ፣ እግሩን ከቱቦላሬ ብረት አደረግሁት። እግሩ መታጠፉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ በዚህና በዚያ ጫፍ ያሉት እግሮች ሲታጠፉ መሃል ላይ ተገናኝተው መጋጨታቸው ነው። ላሳጥራቸው ብል ጠረጴዛው የሕፃን ሆነ። ዝም ብዬ ብደራርባቸው ክምሩ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። አንድ ቀን ፅዮን ሶልያናን ስትጠቀልል አየሁ። (ልጃችንን ገና አላየሃትም፤ ቁርጥ አንተን ናት፣ ግንባሯን ብቻ ጌታ ይቅር ይበላት።) ሚስቴ የልጅቱን አንድ እጅ ደረቷ ላይ ታስተኛና ሌላውን በላዩ ታሳርፋለች። ዘልዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። የአንደኛውን ጫፍ ማጠፊያ ከሌላው ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ በየድኩት፤ አንዱ እግር ተኛ፣ ሌላው በላዩ ተኛ። የአባባ ሁለት ጠረጴዛዎች በሚቆሙበት ቦታ የእኔ አሥራ ሁለቱ እንደ ደብተር ተደራርበው ተቀመጡ።

እግሩ ሲዘረጋ እንዳይመለስ የሚይዘው ደግሞ መንጠቆ ነበር። እግሩን ስትገፋው መንጠቆው በራሱ ክብደት ወርዶ ከገበታው ወደ እግሩ የሚዘረጋውን ደጋፊ ብረት ቀጭ አድርጎ ይይዛል፤ ብሎን የለ፣ መፍቻ የለ። አራት ኩንታል በቆሎ ጭኜበት አደርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። በግንቦት ወር ሃያ አራት ጠረጴዛ ሠርቼ ሳስረክብ የእድሩ ጸሐፊ ስም ጠርቶ እስኪጨርስ እኔ ብቻዬን አሥሩን ዘርግቼ አጠፍኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። አባባ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን በጣቱ ያነሳዋል፣ ይለቀዋል፤ ያነሳዋል፣ ይለቀዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሲንቀጠቀጥም ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት፣ አባባ ይሄ የብረት ሥራ እንጂ የእንጨት አይደለም አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተናገረም።

አሁን ወደ ጊፋታ፣ ወደ ዘመን መለወጫችን ልምጣ። ዘንድሮ የሰፈራችን ቅርጫ የታረደው እኛ ግቢ ነበር። አሥራ ሁለት አባወራ ነው የገባበት። መቼም ሥጋው መሬት ላይ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል እንደሚመደብ ታውቃለህ። እኔ ግን በጠረጴዛዬ ሰክሬ ስለነበር፣ ከእንግዲህ በመሬት አይደለም፣ ወገባችሁን አሳርፉ ብዬ በማለዳ ዕቃ ቤት ሄድኩና ከክምሩ ላይ አንዱን አወረድኩ። መንጠቆው ሥር አንድ ክንድ የሚሆን ቃጫ ታስሮ ተንጠልጥሏል። አባባ እግሩን እንደ እንጨት ሸክም ሊያስርበት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ የለፋሁት ያለ ገመድ እንዲታጠፍ አይደል? በኪሴ በነበረው ቢላዋ ቆርጬ ጣልኩት። የቀሩትን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁም።

ሥጋው ሲመደብ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ይመርቀኛል። አጥንት ላይ ሲደርስ ቦልቴ መጥረቢያውን አነሳ። የጎረቤታችንን የቦልቴን ክንድ ታውቀዋለህ። አንድ መታ፣ ሁለት መታ። አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ እያወራ ነበር፤ በሦስተኛው ላይ ወሬውን አቋርጦ መጣና ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የወደቀ ነገር የሚያነሳ መሰለኝ። አራተኛው ሲያርፍ መንጠቆው ዘለለ፣ በእኔ በኩል ያለው እግር ታጠፈ፣ ሥጋው ሁሉ ተንሸራቶ መሬት የተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ላይ ወረደ።

አባባ አልጮኸም። ምንም አይደል፣ ምንም አይደል ይላል ብቻ። ሥጋውም ደም፣ ቅጠሉም ደም፣ የማን ደም እንደሆነ ማን ይለያል? እኛ ሥጋ ስናነሳ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ከመሬት ሥጋ እየለቀምን ነበር። የለየችው እማማ ናት። እጇን በአፏ ጭና ቀረች፤ ዓይኗን ተከትዬ ሳይ የአባባ እጅ ከደጋፊው ብረት መሃል ገና አልወጣም።

በሚኒባስ ሶዶ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ጣቶቹ ግን ብረቱ ውስጥ አልቀው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያንን ያህል ኃይል ምን አመጣው እያለ ጥፋቱን ቦልቴ ላይ ጣለ፤ እሱም ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በውስጤ እውነትም ቦልቴ ነው፣ ጠረጴዛ ግንድ አይደለም እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

በሦስተኛው ቀን የቀሩትን ልፈትሽ ዕቃ ቤት ገባሁ። አንዱን ገለበጥኩ፤ ቃጫ። ሌላውን ገለበጥኩ፤ ቃጫ። ሃያ ሦስቱም መንጠቆ ሥር፣ አባባ ጥጃ በሚያስርበት ቋጠሮ፣ አንድ አንድ ክንድ ቃጫ ተንጠልጥሏል። የሁሉም ጫፍ መንጠቆው ላይ በመጠምጠም ብዛት ለስልሷል። ያኔ ነው የገባኝ። ለቅሶ ሲኖር፣ ሠርግ ሲኖር፣ አባባ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጠረጴዛ ላስተካክል እያለ የሚሄደው ለዚህ ነበር። እየተንበረከከ መንጠቆዎቼን አንድ በአንድ ሲያስር፣ እኔ ኋላ መጥቼ ምስጋና ስቀበል ከርሜያለሁ። ቃጫዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ አራተኛውን ቃጫ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ መንጠቆው ሲዘል ያየው በሰኔ ለቅሶ ላይ፣ ልጆች ጠረጴዛውን ሲገፉት እንደሆነ ነገረኝ። ያን ያህል ደስ ብሎህ ነበር፣ ቃጫ ደግሞ ከጓሮ ነው፣ ምን ይከብደኛል አለኝ። እሺ፣ በዚያች ቀን ገመዱ እንደሌለ ስታይ አቁሙ ብለህ አትጮህም ነበር ወይ አልኩት። መንጠቆውን በጣቱ ሊይዝልኝ ነው እጁን የሰደደው፣ ይገባሃል? በጣቱ። አባባ ግር ብሎት አየኝና፣ በአሥራ ሁለት አባወራ ፊት? አለ። እስከ ዛሬም ሌላ አልጨመረም።

በማግስቱ እሑድ ነበርና የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ቆምኩ። ቦልቴ አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ መንጠቆና የእኔ ቢላዋ ነው ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ይጮኹብኛል፣ ሥራዬን ይነጥቁኛል ብዬ ነበር። ጋሽ ዳና ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ እኛም እናውቅ ነበር አሉ። አባትህ ዝም ካለ እኛ በምን አፋችን እንናገር አሉ። አንዷ እናት ደግሞ በሐምሌው ሠርግ ምሳው እስኪያልቅ ጠረጴዛውን በጉልበቷ ደግፋ እንደዋለች ተናገረች፤ ሌላው በጫማው ደግፎ ያውቃል። ወንድም ጋሼ፣ የሻንቶ ሰው በሙሉ የእኔን ጠረጴዛ ደግፎ ከርሟል። እኔ ብቻ አላውቅም። ከአባባ ጣት ቀጥሎ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ የወደዱኝ ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ይነፍጉኛል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ነቀዘ እኮ። የእኛ ቤት ዝምታ ነቅዞ አባባ እጅ ላይ ወደቀ።

ቦልቴ ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንኩ። ያ ግዙፍ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

አሁን ሃያ አራቱንም መልሼ ወስጃለሁ። መንጠቆው ይቀራል። በምትኩ በደጋፊውም በእግሩም ብረት ቀዳዳ አልፎ የሚገባ ወፍራም ሚስማር አስቤያለሁ፤ እንዳይጠፋ በትንሽ ሰንሰለት ታስሮ። በመጥረቢያ ቢመታ፣ ልጅ ቢገፋው፣ ሚስማሩ ወደ ጎን ስለሚገባ የሚዘልበት መንገድ አይታየኝም። ግን የመንጠቆውም አልታየኝም ነበር። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያ በርጩማዬን ሳሳይህ፣ ይሄ ለጠላትም አይሰጥ አልከኝ፤ ሳምንት አኮረፍኩህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ የሚለኝ ሰው የለም። ሥዕሉን ገልብጠህ እየው፣ ስህተቱን ፈልግና ጻፍልኝ፤ እንዳታዝንልኝ። መልስህ እስኪደርሰኝ አንዱንም አልበይድም። እድሩ እስከዚያ በአባባ የዋንዛ ጠረጴዛዎች ይጠቀማል፤ ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋሉ እንጂ ማንንም አልጎዱም።

እማማ በጌታ ስም ትስምሃለች፤ ጸሎቷ በአንተ ይጀምርና በአባባ እጅ ያልቃል። ፅዮን ሰላም ብላሃለች፤ የላክኸው ሻርፕ ደርሷታል፣ ለእሑድ ብቻ ብላ አስቀምጣዋለች። ሶልያና ሁለት ጥርስ አውጥታ የሁላችንንም ጣት ትነክሳለች፤ የአባባ ላይ ስትደርስ ግን ፋሻውን እያየች ዝም ትላለች። ጋሽ ዳና ስልኩ ለአንተ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብለዋል። ቦልቴም ስሜን ጨምር ብሎኛል፤ ይኸው ጨመርኩ።

አባባ አሁን ከአጠገቤ ተቀምጧል። ለታምራት ምን ልበል ብዬው፣ ሰላም በልልኝ፣ ደህና ነኝ በልልኝ አለ። ከዚያ ሥዕሉን በግራ እጁ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። የፋሻውን ጫፍ አንድ መስመር ላይ አሳርፎ፣ ቃሌ፣ ይሄ ተሳስቷል፤ የግራው ቀዳዳ ከቀኙ ከፍ ብሏል፣ ሚስማሩ አይገባም አለኝ። በማስመሪያ ለካሁት። ልክ ነው፤ አይገባም። ወረቀቱ ላይ የምታየው እርጥብ ነገር የመጣው ያኔ ነው፣ ዝናብ እንዳይመስልህ።

ወንድምህ ቃለሕይወት ኤርካሎ
ሻንቶ፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.